ገና እየተነሣ ነው

ቢቸና ላይ ሰው ሲሞት ሦስት መልእክተኛ ይወጣል። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ወደ እድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ ሦስተኛው ወደ ባንተአምላክ ሱቅ። ቄሱ ፍትሐቱን ያደርሳሉ፣ ጥሩምባ ነፊው አገሩን ይጠራል፣ ባንተአምላክ ደግሞ የሟቹን የሕይወት ታሪክ በኮምፒውተር ጽፎና አትሞ ቀብሩ ላይ እንዲነበብ ያደርሳል። ወይም ለማድረስ ይሮጣል።

የስንቱን ታሪክ የጻፈ ሰው የራሱን የጻፈለት የለም። እስኪሞት ልጠብቅ እንዳልል፣ ያን ጊዜ ማማት ነውር ይሆንብኛል። ስለዚህ በሕይወት ሳለ ልማው።

ሱቁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የቀን መቁጠሪያዎቹን ነው። ግድግዳውን ሞልተውታል፤ የባንኩ አለ፣ የወፍጮ ቤቱ አለ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አለ፤ ገሚሶቹ ዘመናቸው ካለፈ ቆይቷል። "ለምን አታወርዳቸውም?" ሲሉት፣ "የሰጠኝ ሰው ድንገት ቢገባስ?" ይላል። ሁለት እህቶቹ በአንድ ክረምት ሁለት ሹራብ ሠርተው ሰጡት፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ደርቦ ይለብሳል። አንድ ቀን የታላቂቱ ከላይ ይሆናል፣ በማግስቱ የታናሺቱ። ሐምሌ ላይ ይህ ብልኅነት ነው። ሚያዝያ ላይ ግን ላቡ ግንባሩ ላይ እየወረደ "ብርድ ብርድ ብሎኛል" ሲል ማየት ያሳዝናል።

ይሉኝታ ሰው ይገድላል ይባላል። ባንተአምላክን አልገደለውም፤ ኮምፒውተሩን ግን ሊገድልበት ነበር።

በልጅነቱ ቅኔ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ አልዘለቀበትም። ከዚያ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኖ ኖረ። ከሥራው ሲሰናበት አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ገዛና ይህን ሱቅ ከፈተ። የሚጽፍበት ፕሮግራም ኢማክስ ይባላል። የዚህ ፕሮግራም ጠባይ ለባለቤቱ መታዘዙ ነው። ሌላው የጽሕፈት ፕሮግራም እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት አይቻልም። ይኸኛው ግን እንደ ራስ ቤት ነው፤ በሩን ማዞር፣ ግድግዳውን ማፍረስ፣ ጓዳ መጨመር ለባለቤቱ የተፈቀደ ነው። ባንተአምላክም ጓዳ ጨመረ። ችግሩ፣ አንዱንም ጓዳ ለራሱ ብሎ አለመጨመሩ ነው።

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ፣ "ሲከፈት የዕለቱን በዓልና ጾም ቢነግርህ ምን አለበት?" አሉት። ጨመረ። የቀበሌዋ ዘሪቱ የአካባቢውን ቀበሌ ሁሉ ስም ሰጠችው፤ ጨመረ። ግንደወይን የሚያስተምረው አስናቀው የግዕዝ ቃላት አመጣለት፤ ጨመረ። የሞጣው ነጋዴ ሐጂ አብዱልሐኪም ለወዳጃቸው ቀብር መጥተው ሳለ፣ "ለእስላሙ ሟችስ በእኛ አቆጣጠር ለምን አይጻፍም?" አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ጨመረ። የተጠየቀውም ያልተጠየቀውም አንድ አንድ ነገር ሰጠው፣ እሱም የተሰጠውን ሁሉ ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት ተሰልፎ እንዲገባ አደረገ። "ሰጥተውኝ ደጅ ላስቆማቸው?" ይል ነበር።

ባለቤቴ አካለ ወልድም ሰጥቶታል። አካለ ወልድ መሬት ቀያሽ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት የባንተአምላክ ሱቅ ውስጥ አንድ እግሩ የሚነቃነቅ ወንበር ላይ ይውል ነበር። አንድ ቀን፣ "ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲሰጥህ እኔ ዝም ማለቴ ደስ አይልም" አለና በሁለት ጣቱ አንዲት መስመር ጻፈለት። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ከላይ እንዲህ የሚል ይወጣል፦ "እንደምን አደርህ ባንቴ። ዛሬስ ማን ሞተ?"

ይህች መስመር እስክትታይ ድረስ ግን ብዙ ይጠበቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ እንደገና ይነሣል፣ ቀጥሎ ፕሮግራሙ እንግዶቹን አንድ በአንድ ያስገባል። የጸሎት ሰው የሆነ አስጻፊ በዚያ መሐል ዳዊቱን ይከፍታል። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ለወንድማቸው ታሪክ በመጡ ቀን፣ "ይህ ነገር እስኪነሣ አንድ ንጉሥ ደገምሁ" ብለዋል። አንድ ንጉሥ ማለት ዐሥር መዝሙር ነው። እርግጥ ፈጥነው ይደግማሉ፤ ቢሆንም።

አካለ ወልድ የሞተው ባለፈው መስከረም ነው። የቀብሩ ጠዋት መብራት ሄደ። ረፋድ ላይ መጣ፣ እንደገና ሄደ፣ እንደገና መጣ። ቄሶቹ ሌላ ቀብር ይጠብቃቸው ስለነበር መቆየት አልቻሉም። ባንተአምላክ ወረቀቱን ይዞ የደረሰው አፈሩ ሲመለስ ነው። ቆሞ አየ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና በሁለቱ ሹራቦች መሐል ከተተው። ባለቤቴ ሳይነበብለት ተቀበረ።

ሐዘን ስንቀመጥ ባንተአምላክ በየቀኑ እየመጣ ድንኳኑ በር አጠገብ ይቀመጣል፤ ቀና አይልም። በሠልስቱ ጠራሁት።

"ባንቴ፣ አካለ ወልድ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀጠሮ በሰዓቱ ደርሶ ያውቃል?"

"አያውቅም እቴ።"

"ለቀብሩ ብቻ በሰዓቱ ሄደ። ይህን ማን ጠረጠረ? የሸወደህ እሱ ነው።"

አልሳቀም። "ለአርባው አነብለታለሁ" አለ። "ያቺን ወረቀት ግን አይደለም፤ በጥድፊያ የተጻፈች ናት። ደህና አድርጌ እጽፍለታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ይህን ማሽን ወይ አስነሣዋለሁ፣ ወይ እጥለዋለሁ። ሌላ ሰው እንዲህ አይቀበርብኝም።"

ደግሞ በእድሩ ውስጥ "ከእንግዲህ በእጅ እናጽፍ" የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር። ይህን እሱ አላነሣብኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሞጣ አብረን ሄድን። እኔ የምሄደው የአካለ ወልድ እህት ይርጋነሽ ታማ ለቀብሩ ስላልመጣች፣ ላያት ነው። እሱ የሚሄደው የሐጂ አብዱልሐኪም ልጅ ሳብሪያ ዘንድ ነው፤ ከአባቷ የጨርቅ ሱቅ ግማሹን ወስዳ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ሲፒዩውን በጋቢ ጠቅልሎ ቅጥቅጡ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈረች ሴት አጠገቡ ተቀመጠችና የተጠቀለለውን አየች።

"ምነው፣ ታሟል?" አለችው በሐዘኔታ።

"መነሣት አቅቶታል" አላት።

"እኔን! ከጀመረው ቆየ?"

"ዓመት አለፈው።"

"ጠበልስ አልሞከራችሁም?"

ባንተአምላክ ይሉኝታው ያዘው። ሴትዮዋ አፍራ እንዳትቀር ብሎ፣ "እንሞክራለን" አለ። እስከ ግንደወይን ድረስ የትኛው ጠበል ለምን እንደሚበጅ አስረዳችው፤ ስትወርድም በጋቢው ላይ አማተበችለት። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር። ሐዘንተኛ ስለሆንሁ ያለቀስሁ መስሏቸው ሰዎች አጽናኑኝ።

ሳብሪያ ሲፒዩውን ከስክሪን ጋር አገናኝታ አስነሣችውና ቆማ ጠበቀች። ጠበቀች። ሻይ አስመጣች። ሻዩን ጠጣን።

"አያ ባንቴ፣ ሠርግ ጠርተዋል እንዴ?" አለች።

"ማሽኑ አርጅቶ ነው ልጄ። ዕቃ የሚቀየርለት ከሆነ ብዬ ነው።"

"እስቲ ይዩ።" ፕሮግራሙን ዘጋችና፣ የተጨመረበትን ሁሉ ትቶ ባዶውን እንዲከፈት አዘዘችው። እጇን ከቁልፉ ሳታነሣ ተከፈተ።

ባንተአምላክ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። "ይኸው የእኔው ነው?"

"የእርስዎው ነው። ማሽኑ ደህና ነው። ያስቸገሩት እንግዶችዎ ናቸው።"

ፕሮግራሙ የቱ እንግዳ ምን ያህል እንዳስጠበቀ ራሱ ይናገራል። ሳብሪያ ያን አወጣችና እያነበበች ትስቅ ጀመር። አንደኛው እንግዳ፣ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ከኢንተርኔት አዲስ ነገር መጥቶ እንደሆነ ይጠይቃል። ኢንተርኔት ደግሞ የለም። መልስ የሚሰጠው ባይኖርም እስኪታክተው ይጠብቃል። "ይህ የባሕር ማዶ ልጁን ስልክ የሚጠብቅ አባት ነው" አለች። ሁለተኛው የመሪጌታ በዓላት ማውጫ ነው።

"ይህ ምን እየቆጠረ ነው አያ ባንቴ?"

"ባሕረ ሐሳብ ነው። ጾሙና በዓሉ የሚወጣበት።"

"እሱማ ገባኝ። ከየት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው?"

"ከዓመተ ዓለም።"

"ከአዳም?"

"ከአዳም ነዋ! መሪጌታ ከሥሩ ካልተጀመረ ይሳሳታል ብለውኝ ነው።"

"ጠዋት ጠዋት፣ መብራት በመጣ ቁጥር፣ ከአዳም ጀምሮ?"

ባንተአምላክ ባዶውን የሻይ ብርጭቆ አነሣ።

"የአምናውን ያውቀው የለ? ከአምና ይጀምር። አዳምን ትንሽ ይረፍ ይበሉት።" ቀጥላ ወደ ታች ወረደችና ድንገት ቀና አለች። "ይህ የሒጅራ አቆጣጠር የማነው? ከመሪጌታውም የባሰ ነው!"

ከጨርቁ ወገን ሐጂ አብዱልሐኪም ሜትራቸውን እንደያዙ አጮልቀው አዩ። "የእኔ ነው" አሉ። "ምነው፣ ይከብዳል?"

"ምንም አይልም ሐጂ! ምንም አይልም!" አለ ባንተአምላክ ተነሥቶ።

"ይከብዳል አባባ" አለች ሳብሪያ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። "እንግዲህ ላውጣቸው?"

ባንተአምላክ ሹራቡን ነካ፤ የዚያን ቀን የታናሺቱ ነበር ከላይ። "ልጄ፣ መሪጌታን ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ዘሪቱስ? ሐጂ እዚሁ ቆመው?"

"ማን ጣላቸው አለዎት? ጤፍ ሲታጨድ ደቦ ይጠራሉ አይደል?"

"እጠራለሁ።"

"ደቦው ከሰኔ ጀምሮ ቤትዎ ነው የሚያድረው?"

"በምን አቅሜ!"

"በየቤታቸው ያድራሉ፤ ሥራው ሲደርስ ይጠሩና ይመጣሉ። ቅር የሚለው አለ?"

"ቅር የሚለው ያልተጠራው ነው" አለ ባንተአምላክ ቀስ ብሎ። ፊቱ ሲፈታ አየሁት።

እንዲያ አደረጉ። የሒጅራው አቆጣጠር የእስላም ሟች ታሪክ ሲጻፍ ይመጣል፤ የዘሪቱ ቀበሌዎች የቀበሌ ስም ሲጀመር፤ የአስናቀው ግዕዝ ሲፈለግ። ኢንተርኔቱን የሚጠብቀው ካልተጠየቀ እንዳይጠይቅ ተነገረው። አንድም አልተጣለም፤ አንዱም ግን እቤት አላደረም። እኔ ይርጋነሽን አይቼ፣ አልቅሰን፣ እህል ቀምሼ ስመለስ የቀረው አንድ ነበር።

"ይህችስ?" አለች ሳብሪያ። ጮክ ብላ አነበበችው፦ "እንደምን አደርህ ባንቴ። ዛሬስ ማን ሞተ?" ሣቀችና፣ "የማን ቀልድ ናት?" አለች።

ባንተአምላክ ወደ መሬት አየ። ሐጂ አብዱልሐኪም ጥቁር ልብሴን አዩና ልጃቸውን በዓይን ጠቀሷት። ነገሩ ገባት። ወደ ማሽኑ ዞራ እንደገና ለካች።

"ይህች ምንም ጊዜ አትወስድም እትዬ" አለችኝ። "ባለችበት ትሁን።"

ቢቸና ስንመለስ ማሽኑ ሌላ ሆነ። ቁልፉን ሲነካው መስመሯ ብቅ ትላለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሥራ ሳይኖረው ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል፣ ደግሞ ይከፍተዋል። ሰው ሲያልፍ እየጠራ ያሳየው ነበር። መሪጌታም መጥተው አዩ፤ ዳዊታቸውን ከብብታቸው አውጥተው ነበር፣ ሳይገልጡት መልሰው ከተቱት። የተከፉ መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት ጠላ የሚጠምቁት እማማ ፈንታዬ አረፉ። ልጃቸው ዘመነ ጠዋት መጣ። ባንተአምላክ ማሽኑን ከፍቶ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ ደርድሮ ጠበቀው። መቼ ተወለዱ? የት? ማንን አገቡ? ስንት ወለዱ? ዘመነ የተጠየቀውን መለሰ። ወረቀቱ ሞቅ እንዳለ ከፕሪንተር ወጣ፤ ጥሩምባ ነፊው ገና የላይኛውን ሰፈር አልጨረሰም ነበር። የእድሩ ሰዎች፣ "ባንቴ ዛሬስ መልአኩን ቀደመው" አሉ።

ቀብሩ ላይ ተነበበ። ተወለዱ፣ አገቡ፣ ወለዱ፣ አረፉ። አንባቢው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ባዶ ነው። እማማ ፈንታዬ የሰከረ ሰው ብር ቢቆልልላቸው አይቀዱለትም፤ ይልቅ ሹሮ አብልተው፣ ከዘራቸውን ይዘው እቤቱ በር ድረስ ይሸኙት ነበር። ይህን ቢቸና ሁሉ ያውቃል። ወረቀቱ አላወቀም። ሰው ሲበተን ዘመነ ወደ ባንተአምላክ ጠጋ አለ።

"አያ ባንቴ፣ እናቴ እንዲህ አጭር ነበረች?"

አልተቆጣም፤ መጠየቁ ነበር። ባንተአምላክ በማግስቱ እኔ ቤት መጥቶ ጠላም ሳይቀምስ ተቀመጠ።

"ድሮ ማሽኑ እስኪነሣ አስጻፊዎቹ ምን ያደርጉ ነበር እቴ? ያወሩ ነበር። እኔ ጥያቄ አልጠይቅም። መጠበቅ ሲሰለቻቸው ስለ ሟቹ ያነሣሉ፣ አንዱ ያርማል፣ አንዱ ይስቃል፣ ሲስቅ ያለቅሳል። ሲነሣልኝ ያን ነበር የምጽፈው። አሁን እንደ ፖሊስ እጠይቃቸዋለሁ፤ እነሱም እንደ ተከሳሽ ይመልሳሉ።"

"እንግዲያ ሳብሪያ ዘንድ ተመለስና መልሰሽ አሳምሚው በላት" አልሁት።

ሣቀ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወዲያው ግን ወደ ግድግዳው፣ አካለ ወልድ ኮፍያውን ይሰቅልበት ወደነበረው ምስማር አየ። "አርባው ደረሰ" አለ። "ማክሰኞ ብቅ በይ።"

ማክሰኞ ሄድሁ። መብራት ነበረ። አንድ እግሩ የሚነቃነቀውን ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ። ስክሪኑ እንደ ወትሮው ወደ እንግዳው ጎን ሳይሆን ወደ መስኮቱ ዞሯል። እሱ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"ትንሽ ታገሺ" አለኝ። "ገና እየተነሣ ነው።"

"ሳብሪያ ሠርታው የለ?"

"ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ። ተጫወቺ እስኪነሣ።"

ከበስተኋላው ባለው የመስኮት መስታወት ውስጥ ስክሪኑ ይታየኛል። ፊደሉ ተገልብጦ ቢሆንም ያቺን መስመር አወቅኋት። ከሥሯ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከተነሣ ቆይቷል። ባንተአምላክ መዋሸት አይችልበትም፤ ጆሮው ቀልቷል።

"ይነሣል፣ ምን ቸኮልን" አልሁት።

ቀን መቁጠሪያዎቹን አየሁ። ከዚያ አካለ ወልድ የራሳችንን ግቢ የለካ ዕለት ትዝ አለኝ። የሰውን ድንበር ሲለካ ኖሮ የራሱን ለክቶ አያውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ሜትሩን አውጥቶ ለካ፤ አጥራችን ወደ ጎረቤት ገብቶ ተገኘ። ማንም አላየም፣ ጎረቤቱም አልጠየቀ። አካለ ወልድ አጥሩን ነቅሎ ወደ ውስጥ አስገባው። የእኔ ጌሾ በሙሉ ከአጥሩ ማዶ ቀረ። አኮረፍሁት። በሚቀጥለው ጥንስስ ሰሞን ጎረቤቱ ዘንድ ኮፍያውን አውልቆ፣ "እባክህ ለባለቤቴ ትንሽ ጌሾ" ብሎ ለመነ። የተከልሁትን ጌሾ ለምኖ አመጣልኝ! በየዓመቱ እንዲያ ያደርግ ነበር፤ እኔም በየዓመቱ አኮርፋለሁ፤ ጌሾውን ግን እቀበለዋለሁ።

ባንተአምላክ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቁን ይዞ ነው። "ተነሣ?" አልሁት።

"ገና" አለ።

ስለዚህ ቀጠልሁ። ለምን እንደሚዘገይ ነገርሁት፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ የከብቱንም የልጁንም ደኅንነት ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር። ለሠርጋችን እንኳን ዘግይቶ አባቴ በሩን ሊዘጉበት ነበር። ከዚያ ለማንም ያልነገርሁትን ነገርሁት። የሞተ ጠዋት ሰዓቱን ጠየቀኝ። ነገርሁት። "ገና ነው" አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ባንተአምላክ ወንበሩን ወደ ኪቦርዱ ሳበ። ከዚያ ማሽኑ ተነሣ ሳይለኝ፣ እኔም ሳልጠይቀው፣ መጻፍ ጀመረ። እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።

በአርባው ቀን ቅዳሴ ሲያበቃ ራሱ ቆሞ አነበበ። ጌሾው ጋ ሲደርስ ሰው ሳቀ፤ ጎረቤታችን ራሱን በጋቢው ሸፈነ። የመጨረሻይቱን አልጻፋትም። እንዲተዋት አልነገርሁትም፤ ራሱ አወቀ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ወረቀቱን ተቀብለው ገጾቹን ቆጠሩና፣ "ይኸኛውስ ሰው ይመስላል" አሉ።

ከዚያ ወዲህ የባንተአምላክ ማሽን ታሞበታል። ሐዘንተኛ ሲገባ ስክሪኑ ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ "ገና እየተነሣ ነው" ይባላል፣ መሪጌታም ዳዊታቸውን ይከፍታሉ። ሰዓቱን ግን ይጠብቃል፤ ጥሩምባ ነፊው የታችኛውን ሰፈር ሲጀምር ማሽኑ "ይነሣል"። ከዚያ ወዲህ ሳይነበብለት የተቀበረ የለም።

የተጎዳች ሳብሪያ ብቻ ናት። ወሬው ሞጣ ደርሶ፣ "የሠራሽው አልበረከተም" ብለዋታል። ደውላ፣ "አያ ባንቴ፣ ስሜን አጠፉት እኮ" አለችው። እሱም እውነቱን ቢነግራት ቢቸና ይሰማል፣ ዝም ቢል እሷ ትቀየማለች፤ ሁለቱን ሹራብ ለብሶ በላብ ተጠምቆ ስልኩን ያዘ። በመጨረሻ ያገኘው መልስ፣ "ጠበል እንሞክርለታለን ልጄ" የሚል ነው።

ስለዚህ ይህን እኔ ጻፍሁት። ሳብሪያ፣ ሥራሽ ደህና ነው፤ እጅሽ ይባረክ። ቢቸና ያላችሁ ደግሞ እንዳላነበባችሁ ሁኑና፣ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ እስኪነሣ ጠብቁት።